አምበሉን ማን ያስወጣዋል

በእኛ ጊዜ አንድን ተጫዋች ከሜዳ ማስወጣት የሚችለው አምበሉ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ሜዳውን ከከበበው ገመድ ወዲህ ቆሞ ዝም ይላል፤ አንዲት ምክር ወደ ውስጥ ከጮኸ ቡድኑ ይቀጣል። ሐኪሙ የሚገባው ከተጠራ ነው። ዳኛው ጥፋት እንጂ ሕመም አያይም። አንድ ልጅ ሲጎዳ አምበሉ ይቀርበውና አገጩን ቀና አድርጎ ዓይኑን ያያል። «ይበቃሃል» ካለው ይወጣል፤ በቦታው ሌላ ይገባል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የመረጡት ሰው ስለሆነ ከአባት ይልቅ ይራራላቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህም ሐሰት አልነበረም።

ባሌ ኦሪን ሃስኬል በቶርንቤሪ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ የቡድኑ አምበል ሆኖ ተመረጠ። አዲሱ ክፍለ ዘመን ከገባ አምስተኛው መጸው ነበር። እኔ ከዚያው ኮሌጅ በላቲንና በግሪክኛ ተመርቄአለሁ። ከዚያ መጸው በፊት በሰኔ ተጋባን፤ ከኮርቻ ሰፊው ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ኦሪን ታናሽ ወንድሙ ማረሻ ለመያዝ እስኪደርስ የአባቱን በቆሎ ሲያርስ ስለኖረ ኮሌጅ የገባው ጢም አውጥቶ ነው። ጂኦሜትሪ ይወድ ነበር። ሲመረቅም በአንድ የከተማ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ሊያስተምር ቃል ተገብቶለታል።

ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሷን እግር የሚነካት ከስንት አንዴ ነው። እንደ ሎሚ በሁለት ጫፏ የሾለች ናት። አንዱ አቅፏት ይሮጣል፤ ጓደኞቹ ቀበቶውን ይዘው ከፊት እየጎተቱ፣ ከኋላ እየገፉ ያሳልፉታል፤ ተጋጣሚዎቹ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ እየተከመሩ መሬት ያስነኩታል። ከተጋጣሚው መስመር ማዶ ካደረሳት ነጥብ ነው። የቆዳ ቆብ ነበረ፤ ግን ጆሮው የታመመ ካልሆነ በቀር የሚያደርገው አልነበረም። በእሱ ፋንታ ከነሐሴ ጀምረው ጸጉራቸውን ያሳድጋሉ፤ ወፍራም ጸጉር ራስን ይጠብቃል ይሉ ነበር። በጥቅምት በከተማው መንገድ ላይ ተሰብስበው ሲሄዱ ምግብ የጠፋባቸው ነቢያት ይመስሉ ነበር።

አሥራ አራት ልጆች ብቻ ነበሩን። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ከወንዙ ማዶ ባለው የመምህራን ትምህርት ቤት ሜዳ ተጫወትን። ኦሪን ኳሷን አቅፎ ክምሩ ውስጥ ገባ፤ ክምሩ ሲነሳ እሱ አልተነሳም። የአንዱ ጉልበት ከጆሮው በላይ አግኝቶታል። ጥቂት ቆይቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቆመ፤ ሱሪውን አራገፈ። ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ሆኜ አጨበጨብኩ። ጨዋታው ቀጠለ።

በባቡር ስንመለስ ኦሪን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ማን አሸነፈ?» አለ።

የቡድኑ ተረበኛ ቱርማን ጎስ፣ ግዙፉ ልጅ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። «እነሱ ናቸው እንጂ፣ አለቃ! እኛማ የመጣነው ሜዳቸውን ልናርስላቸው ነው። ያውም በአፍንጫችን!»

ፉርጎው በሳቅ ሞላ። ኦሪንም ሳቀ። የታጨደውን የበቆሎ ማሳ ሲያይ ቆየና ፊቱን መለሰ።

«ማን አሸነፈ?»

«እነሱ፣ አለቃ። እኛ የመጣነው ልናርስላቸው ነው። በአፍንጫችን።»

ኦሪን እንደ አዲስ ሳቀ። አንዳንዶቹም አብረውት ሳቁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ግን ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም። ቱርማን ቀልዱን አንዲት ቃል ሳይቀንስ ደግሞ ነገረው፤ ዓይኑን ብቻ ወደ ጫማው ጥሎ ነበር።

በቤታችን ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። የመስኮቱ ብርሃን ዓይኑን ያመው ስለነበር መጋረጃውን በቀን እዘጋለሁ። በሰሌዳው ላይ አንድ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ይጀምርና መሐል ላይ ቆሞ ያፈጣል። «ይሄን ማነው የጻፈው?» ይለኛል። የራሱ እጅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ኤፊ ብሎ ይጠራኛል፤ ኤፊ እህቱ ናት፣ እኔ ሄስተር ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮርቻ ሰፊው ከታች ጠራኝና ወረድኩ። ኦሪን ደረጃው መሐል ቆሟል። እየወጣ ይሁን እየወረደ አላወቀም። አፍሮም አልነበረም፤ እኔን ሲያይ ፈገግ አለና ክንዱን ሰጠኝ፣ ለሽርሽር የምንወጣ ይመስል።

ዶክተር ቫን ኔስ መጡ። መብራት ወደ ዓይኑ አስጠጉ፣ መለሱ፣ ደግመው አስጠጉ። ከዚያ እኔን ወደ ሌላው ክፍል ወስደው በሩን ዘጉት።

«አንጎሉ ተረብሿል። ካረፈ ይመለስለት ይሆናል። በዚያው ራስ ላይ ሌላ ምት ቢያርፍበት ግን እኔ የማደርግለት ነገር የለም፣ ልጄ።»

«ለእሱ ነግረውታል?»

«ነግሬዋለሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዶክተር፣ አያስቡ። የተጎዳ ካለ አስወጣዋለሁ› አለኝ።»

የምጽናናበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ኦሪን አልዋሸኝም። ብዙ ወንዶች ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ቢደብቅ ኖሮ እለምነው፣ አለቅስበት፣ እቆጣው ነበር። የእሱ ግን የታመመው አካል፣ መታመሙን የሚያውቅበት አካል ራሱ ነበር።

«ኦሪን፣ የቀሩትን ጨዋታዎች ተዋቸው። እባክህ» አልኩት ቁርስ ላይ።

«እንዴት ልተው? ሦስቱ እያነከሱ ነው። የኮይል ትከሻ ወልቆ ነው የገባው።»

«አንተስ?»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

እንደ ሕፃን ቀጥ ብሎ እያየኝ ነበር። የበቆሎ ዳቦውን ቅቤ ቀባሁለትና ሰጠሁት። ቅቤ እንዳልተቀባ አድርጎ ደግሞ ቀባው።

አሰልጣኛችን ሚስተር ስትሪክላንድ ሕግ የሚያጠና ወጣት ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። በሜዳው ዳር፣ የልምምዱን ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት።

«ሚስስ ሃስኬል፣ የሚሉትን አውቃለሁ። እኔም ዓይን አለኝ።»

«እንግዲያው አያስገቡት።»

«እኔ ማን ነኝና? በልምምድ ቀን ጮኼ አስተምራለሁ። በጨዋታ ቀን ያለኝ ሥልጣን እዚህ ገመድ ላይ ያልቃል። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ የሚናገረው አምበሉ ነው።»

«አምበሉ ራሱ ነው የታመመው።»

ገመዱን እጁ ላይ እንደጠቀለለ ቆመ። «አዎ» አለ። «ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይሄን አላሰቡትም።»

«ማን ይችላል ታዲያ?»

«የመረጡት ይችላሉ። አምበልነቱን ከወሰዱበት እንደ ማንኛውም ተጫዋች ነው፤ አዲሱ አምበል ያስቀምጠዋል። ሌላ በር የለም።»

ሌላ በር ፈልጌ ነበር። የኮሌጁ ፕሬዝዳንት ቢሯቸው አስገብተውኝ በጥሞና ሰሙኝ፤ ጨዋታው የተማሪዎች ማኅበር ንብረት እንደሆነ፣ አስተዳደሩ እጁን እንደማያስገባበት ነገሩኝ። ስለ ኦሪን እንደሚጸልዩም ጨመሩ። አራተኛው ጨዋታ አለፈ፤ አምስተኛውም። ሁለቱንም ተሸነፍን። በሁለቱም ጊዜ ኦሪን በእግሩ ቤቱ ገባ። እኔ ከገመዱ ኋላ ቆሜ ኳሷን አላይም ነበር፤ የማየው አንድ ራስ ብቻ ነው።

በሜዳ ላይ የእያንዳንዱን ሩጫ ስልት በቁጥር እየጠራ ጨዋታውን የሚመራው ሜሪት ኮይል ነበር፤ ቀጭን፣ ነገር የማያመልጠው ልጅ፣ የኦሪን የልብ ጓደኛ። አንድ ቀን ኦሪን ተኝቶ ሳለ መጣ። የፖም ኬክ ቆርሼ ሰጠሁት። አልበላም፤ በሹካ ይወጋው ነበር።

«እየሸፈናችሁለት ነው፣ አይደል?» አልኩት።

«ቁጥሩን ከጠራሁ በኋላ በጆሮው ‹ግራ› ወይ ‹ቀኝ› እለዋለሁ። ቱርማን ደግሞ ቀበቶውን ይዞ ያዞረዋል። ከዚያ በኋላማ…» ሹካውን አስቀመጠ። «ከዚያ በኋላማ ከማንኛችንም ይበልጣል፣ ሚስስ ሃስኬል። እግሩ አልረሳም። እግሩ ምንም አልረሳም።»

«ሜሪት፣ ከአምበልነቱ አውርዱት።»

ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ግን መልሱ ተዘጋጅቶ እንደመጣ ገባኝ።

«አስቤበታለሁ። ፊቱን እያየ ‹ውረድ› የሚለው የለም። ቱርማን እንኳ አፉ እንደዚያ ሆኖ አይችልም። በወረቀት ከሆነ ግን ይችላሉ። የጻፊው ስም የለበትም። የኦሪንን ስም የጻፈ ይቆይ ማለቱ ነው፤ ባዶውን ያጠፈ ይውረድ ማለቱ። በብዙ ድምፅ ነው። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት እጠራቸዋለሁ።»

«ያደርጉታል?»

«ሁሉም ያውቃሉ። ዶክተሩ ያሉትን ነግሬአቸዋለሁ። ያደርጉታል።»

ስብሰባው ከልምምድ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ በስፖርት አዳራሹ ምድር ቤት ሆነ። ሴት አይገባም። ስለ አንድ ሰው ሲመከር ያ ሰው ውጭ ይቆያል። ስለዚህ እኔና ኦሪን በድንጋዩ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የክረምት ኮቱን በጉልበታችን ላይ ዘረጋው።

«ምንድነው የሚመክሩት?» አለኝ።

«ስለ መጨረሻው ጨዋታ ነው።»

«ከማርሎው ጋር።» ይህችን አልረሳትም። የማርሎው ኮሌጅ ጎረቤታችን ነው፤ በየዓመቱ በኅዳር፣ በምስጋና በዓል ቀን እንገናኛለን። «ሄስተር፣ አንዷን እንኳ ባሸንፍላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ጥሩ ልጆች ናቸው እኮ። ሌላ አምበል ቢኖራቸው ያሸንፉ ነበር።»

«እንደሱ አትበል።»

«እውነቴን ነው።» እጄን በኮቱ ሥር ያዘ። «አንቺዬ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል።»

በዚያ ደረጃ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። በውስጤ ባዶ ወረቀቶችን እያጠፍኩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ አሰብኩ፤ ያዝናል፣ ለምን እንዳዘነ ይረሳል፣ በክረምቱ ይተኛል፣ በጸደይ አንድ ቀን በሰሌዳው ፊት ቆሞ የጀመረውን ይጨርሳል። ይህን ያህል ብቻ ነበር የፈለግሁት።

በሩ ተከፈተ። ቱርማን ጎስ ቆሟል። ያንን የመሰለ ሰፊ ፊት እንደዚያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«አለቃ» አለ፣ «ግባ።»

ኦሪን ገባ። ሜሪት ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወረቀቶቹ ገና በያዘው ቆብ ውስጥ ናቸው።

«ሁሉም የኦሪንን ስም ጽፈዋል» አለኝ።

«ሁሉም ማለት?»

«አሥራ ሦስታችንም። አንድ ባዶ የለም።»

ቃሉን ሰማሁት፤ ትርጉሙ ግን ወዲያው አልደረሰኝም። «አንተም?» አልኩት።

«እኔ… አሥራ ሁለቱ ይበቃሉ ብዬ ነው። ያለእኔም ይወርዳል፤ ቆጥሬዋለሁ። ወረቀቶቹ ሲነበቡ አንዲት እንኳ ስሙ ያለባት ብትገኝ፣ ኦሪን ‹አንድ ሰው ከእኔ ጋር ቆሞ ነበር› ይላል ብዬ… አንዲት ብቻ።»

«እኔም» አለ ቱርማን ከበሩ።

ከኋላው ሌላ ድምፅ «እኔም» አለ፤ ደግሞ ሌላ። አይተያዩም ነበር። እያንዳንዱ ያቺ አንዲቷ ወረቀት የእሱ ብቻ መስላው ነበር፤ ጨካኙን ሥራ ለሌሎቹ ትቶ ለራሱ ታማኝነቱን ወስዷል።

«እንደገና ምረጡ» አልኩ። «አሁኑኑ። ገብታችሁ ምረጡ።»

ሜሪት በሩን ገፋ አድርጎ አሳየኝ። ኦሪን በምድጃው አጠገብ ቆሞ የልጆቹን እጅ ተራ በተራ እየጨበጠ ነው። ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። «ወንድሞቼ፣ አንድ ጨዋታ ሳላሸንፍላችሁ! አንድ! ሁላችሁም? በእውነት ሁላችሁም?» ይል ነበር። ከቡድኑ ሁሉ ትንሹ ልጅ ትከሻው ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ ነው። ኦሪን ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል።

ማንም እንደገና ወረቀት አላደለም። ወደ ቤት ስንሄድ ኦሪን ፉጨት ያፏጭ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

የምስጋና ቀን ጠዋት መሬቱ በውርጭ ደርቆ አጥንት ሆኖ ነበር። ሠረገሎች በሜዳው ዙሪያ ተደረደሩ፤ ሕዝቡ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆመ። እኔ ከገመዱ ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ከጎኔ ዶክተር ቫን ኔስ ቦርሳቸውን ይዘው ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ነጥብ አለቀ። በዚያ ዓመት ተጋጣሚ ሳይመራን ወደ ዕረፍት የገባንበት ጨዋታ አልነበረም። ሕዝባችን መጀመሪያ ማመን አቃተው፤ በኋላ መጮህ ጀመረ። በዕረፍቱ ዶክተሩ ወደ ኦሪን ቀረቡ። እሱ ግን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቱርማን ወሰዳቸው፤ «ዶክተር፣ የዚህ ልጅ አውራ ጣት አብጧል፤ እስቲ ይዩለት» አለ።

በሁለተኛው አጋማሽ ኦሪን ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለቴም ተነሳ። በሁለተኛው ሲነሳ ግን ወደ ማርሎው ልጆች ሄዶ በመካከላቸው ቆመ፤ ሜሪት እጁን ይዞ መለሰው። ከዚያ ሜሪት ኳሷን መሬት አስቀምጦ ቆመ። ሩቅ አልነበሩም፤ የተባባሉትን ሰማሁ።

«አለቃ፣ ውጣ። ተጎድተሃል።»

«ቀልድህን ተው፣ ኮይል። ደህና ነኝ።»

«እሺ። ከእኛ አንዱ ክፉኛ ተጎድቷል። መውጣት አለበት። አንተ እዘዝ።»

የኦሪን ፊት ወዲያው ተለወጠ። «ማነው?»

«በግራ በኩል የሚሮጠው ነው። እሱን አስወጣው። ‹የግራው ሯጭ ይውጣ› በል፣ በቃ፤ ለዳኛው ይሄን ብቻ በለው።»

የግራው ሯጭ ኦሪን ራሱ ነበር። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ «‹ይውጣ› በል» አልኩ፤ ድምፄ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ኦሪን ግን ሳያይ የሚፈርድ አምበል አልነበረም። ፊቱን ሳያይ ማንንም አስወጥቶ አያውቅም። ዳኛውን በእጁ «ቆይ» ብሎ ወደ ልጆቹ ሄደ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ አገጫቸውን ቀና አደረገ፣ ዓይናቸውን አየ።

«ስምህን ንገረኝ። ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ተራ በተራ መለሱለት። ቱርማን ጋ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ስምህን ንገረኝ።»

«ቱርማን ጎስ ነኝ፣ አለቃ።»

«ምን ቀን ነው?»

«የምስጋና ቀን ነው፣ አለቃ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ? ደህና ነህ እኮ።» ትከሻውን መታ አደረገው። መጨረሻ ላይ ወደ ዳኛው ተመለሰና «አመሰግናለሁ ጌታዬ። ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። የሚወጣ የለም» አለ።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ኳሷ ለማርሎዎች አለፈች፤ እነሱም በእግር መልሰው ወደ እኛ ሰደዷት። ኦሪን ከአየር ላይ ቀለባት፣ ደረቱ ላይ አቀፋት፣ ዞረና ሮጠ። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ የሚሮጠው ወደ እኛው መስመር ነበርና። በዚያ ቢሻገር ነጥቡ የማርሎው ነው። ማርሎዎች ባሉበት ቆመው ቀሩ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አንድ ሰው አፉን የያዘው ይመስል ጸጥ አለ።

«ተዉት!» አለ ሜሪት ከኋላ እየሮጠ። «ይሻገር! ተዉት! አትንኩት!»

ከሁሉም የቀረበው ቱርማን ነበር። ሜሪትን እንዳልሰማ በኋላ ማለልኝ፤ እኔም አመንኩት። ቢሰማስ? መጸውን ሙሉ ኳስ ይዞ ወደ መስመራችን የሚሮጥን ሰው ጣል ተብሎ ተምሯል። ነጥብ ሳይገባብን ልንወጣ ጥቂት ቀርቶ ነበር። አካሉ ራሱ ወረወረው። ጉልበቱ ላይ ያዘው፤ በደንቡ፣ ያለ ክፋት። ሁለቱም ወደቁ። የኦሪን ራስ መሬቱን ሲያገኝ የተሰማውን ድምፅ አልገልጸውም።

ገመዱን ተሻገርኩ። የከለከለኝ አልነበረም።

በሜዳው ዳር ወዳለው የዕቃ ቤት ተሸክመው አስገቡት፤ በአሮጌ ሹራቦች ክምር ላይ አስተኙት። ዶክተሩ ተንበርክከው ቆዩ፤ ከዚያ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። ውጭ ጨዋታው አለቀ። ማንም ነጥብ አላገባም። ለዚያ ዓመት ለእኛ ከዚያ የተሻለ ውጤት አልነበረም፤ ያጨበጨበ ግን አልሰማሁም። ልጆቹ ከነላባቸው በበሩ ተጨናንቀው ቆሙ።

ኦሪን ዓይኑን ገለጠ። አየኝ፤ አወቀኝም። «ሄስተር» አለኝ እንጂ ኤፊ አላለኝም።

«አለሁ።»

«ማነው የጣለኝ?»

ከኋላዬ የቱርማን ትንፋሽ ተሰማኝ። «ከማርሎው ልጆች አንዱ ነው» አልኩት።

«ጎበዝ ነው። ጥሩ አጣጣል ነበር።» ጥቂት ዓይኑን ከደነ። «ጥሩልኝ። እጁን ልጨብጠው።»

ጨዋታ ሲያልቅ የጣለህን ሰው እጅ መጨበጥ በእኛ ዘንድ ደንብ ነው። ከልጆቻችን አንዱ ከማርሎው ሰው ሊጠራ ዞር ሲል ቱርማን እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ከዚያ መጣና ተንበረከከ፤ ያንን ትልቅ እጁን ሰጠው። ኦሪን ጨበጠውና ፊቱን አየ። ምንም አላወቀውም።

«ከማርሎው ነህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለ ቱርማን።

«በደንቡ ነው የጣልከኝ። አልጎዳኸኝም፤ አይክፋህ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«ስምህ ማነው?»

ቱርማን ወደ እኔ ዞረ። ሐሰት የሚፈጥርበት አፍ አጥቶ ነበር። «ንገረው» አልኩት።

«ቱርማን ጎስ።»

ኦሪን ፈገግ አለ። «ይገርማል። በእኛም ቡድን አንድ ቱርማን ጎስ አለ። ሳትሄድ ተዋወቀው፤ ደግ ልጅ ነው።»

በማግሥቱ ከቀትር በፊት አረፈ። እስከዚያ ድረስ ሌላም ጥቂት ተናግሮ ነበር። የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያን ለማንም አልነገርኩም።